ማሰሪያ የሌለው ወሬ

ባለፈው ሰሞን የማይለቅ ጉንፋን ያዘኝና ጎረቤቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ፣ «ዝም ብለሽ ታጠኚበት፣ ነገ ትነሻለሽ» ብላ ድስቱን ፊቴ አስቀመጠችው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ አጎነበስኩ። እንፋሎቱ ገና አፍንጫዬ ሲገባ ግን ጉንፋኑን ረስቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው የሚያንሾካሹክ መሰለኝ። ማንም አልነበረም። ለካ ያ ሽታ ለኔ የጋሽ ዘውዴ ቤት ሽታ ኖሯል።

ጋሽ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ መኪና የማይገባባት ጉራንጉር ውስጥ። ሳይነስ ስለነበረባቸው ክረምት ከበጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምድጃቸው ላይ አይወርድም። ሚስታቸው ድሮ ነው ያረፉት። ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ሮማን፣ ቤሩት ትሠራለች። በክረምት የሰፈሩን ልጆች ሳሎናቸው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ደርድረው እንግሊዝኛ ያስተምሩናል፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ልብሳችን ሳይቀር ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል።

ያን ክረምት ሰባተኛን ጨርሼ ስምንተኛ ልገባ ነበር። እማዬ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጥ የሀገር ልብስ ጥልፍ ትጠልፋለች። «ሚኒስትሪ ወድቀሽ እንዳታዋርጂኝ!» ብላ እየገፋች ነው ጋሽ ዘውዴ ጋ ያስገባችኝ። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በጅቡቲ መስመር። አንድ ልጃቸው ነኝ። ጠርጣራም ነኝ፤ ይህን የማልደብቀው ስለማይደበቅ ነው። እማዬ እንደምትለው ጡት ስጠባ እንኳ አንድ ዓይኔን ከፍቼ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኛል።

ጋሽ ዘውዴ ያን ክረምት ሁለት ነገር ብቻ ነው ያስተማሩን ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ስባሪና ቅንፍ። ስባሪ የሚሉት እንግሊዝኛው ፍራግመንት የሚለውን ነው። አንድ ቀን «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን» ብዬ ጻፍኩና የባቄላ ፍሬ የምታክል ነጥብ አሳረፍኩበት። አነበቡት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«በዝናቡ ምክንያት» አሉ። «እሺ፣ ፍሬ፤ በዝናቡ ምክንያት ምን ሆነ? ማን ረጠበ? ማን ቀረ? በር ከፍተሽ አስገባሽኝና ጥለሽኝ ሄድሽ እኮ! ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይኑረው፤ ማሰሪያ ይኑረው። ማን? ምን ሆነ? ሁለት ቃል ይበቃል። ማሰሪያ የሌለው ወሬ ግን ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ሲዞር ያድራል።»

ቅንፍ ደግሞ ሌላ ፍርድ ነበረው። «አባቴ (ሹፌር ነው) ጅቡቲ ነው» የሚል በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ጋሽ ዘውዴ በወፍራም አውራ ጣታቸው ቅንፉን ሸፈኑት። «አንብቢ። ቆመ? ቆመ። አየሽ፣ አባትሽ ሹፌር ባይሆንም ጅቡቲ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ቅንፍ ውስጥ ያለው ሲነሣ የቀረው በእግሩ መቆም አለበት። ከወደቀ፣ ያ ነገር መጀመሪያውኑ ቅንፍ ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ነጥቡንም አትርሱ፤ ብቻውን የቆመ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቅንፍ ውስጥ ከገባ ነጥቡም አብሮት ይግባ፤ በሌላ ዓረፍተ ነገር መሃል ከተሰነቀረ ግን ነጥቡ ውጭ ይጠብቅ።» (ይኸው እስከ ዛሬ ነጥቤን የት እንደማስቀምጥ አውቃለሁ።)

ፍልሰታ ገባ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ እግራችን ሥር ይልከሰከሳል፤ እማዬ ጠዋት ጠዋት ጥልፍ፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ነው። ያኔ ነው የአባዬ ስልክ ዝም ያለው። ብደውል ያቺ ሴትዮ ብቻ፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ...»

«መኪናው ሚሌ ላይ ተበላሽቶበት ነው» አለች እማዬ። «ስልኩም ውኃ ገብቶበት። በሰው ስልክ ደውሎልኛል፤ ደህና ነው።»

«መቼ ደወለ?»

«አንቺ ጋሽ ዘውዴ ጋ ሳለሽ።»

ሁልጊዜ እኔ ጋሽ ዘውዴ ጋ ሳለሁ! ደግሞ ሳልጠይቃት፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «አባትሽ እኮ ደህና ነው» ትለኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደህና የሆነን ሰው ማን ነው ደህና ነው እያለ የሚውል? የአምናውን አልረሳሁትም። ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩት የእትዬ አስካለ ወንድም ክፍለ አገር ሞቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ፣ እሳቸው ብቻ ሳያውቁ ከሰው ጋር ሲስቁ ሰንብተው ነበር። በኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ሽማግሌዎች አንድ ማለዳ ተሰብስበው በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል፤ እስከዚያ የሚባለው «ደህና ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው» ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እኔ ምን ልበል?

ማዳመጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሱቅ ዳቦ ይዤ ስመለስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተካ በራችን ላይ ከእማዬ ጋር ቆመዋል። «እስኪመጣ ድረስ እንግዲህ...» ሲሉ አዩኝና ቆረጡት። እማዬ ደንግጣ፣ «አንቺ ልጅ! ደግሞ ከየት ተከሰትሽ?» አለችኝ። ከየት ልከሰት? ዳቦ ግዢ ያለችኝ ራሷ ናት።

ሌላ ቀን ባለሱቁ ጋሽ ሙዘሚል ከአንድ ሰውዬ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተደጋግፈው ሲያወሩ ደረስኩ። «ከባድ ነው፣ ወላሂ። ማን ደፍሮ...» ብለው ቀና ሲሉ እኔ። ከዚያ ያደረጉትን ነገር እስክሞት አልረሳውም፤ ማሰሮውን ከፍተው በነጻ ከረሜላ ሰጡኝ። ጋሽ ሙዘሚል! በነጻ! አባዬ መሞቱን ያኔ ነው ያመንኩት። ከረሜላውን አልበላሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ቀልጦ ከጨርቁ ጋር ተጣበቀ።

ከዚያ ወዲያ ያላየሁት ጉድ የለም። እማዬ ለጋሽ ዘውዴ ምግብ መላክ አበዛች፤ ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ክክ፣ ከነገ ወዲያ ሱፍ ፍትፍት። «ደም ግፊት አለባቸው፣ ጨው ቀንሼላቸዋለሁ በይ።» እሷ መቼ ነው የሰው ደም ግፊት ያሳሰባት? ማታ ተኝቼ ሳወጣና ሳወርድ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አባዬ ሞቷል፣ እማዬ ታውቃለች፣ ጋሽ ዘውዴን ልታገባ ነው። በማግስቱ ሳህኑን ስወስድላቸው ሳላስቀምጥ ትክ ብዬ አየኋቸው። «ምን ሆነሻል? ፊቴ ላይ ስባሪ አለ እንዴ?» አሉኝ። አልሳቅኩም።

ቡሄ ደረሰ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ዱላቸውን እያንኳኩ ከላይ ሲመጡ ከመስኮት አያቸው ነበር። ጋሽ ሙዘሚል ከሱቃቸው ወጥተው የሆነ ነገር በጆሯቸው ነገሯቸውና ወደ ሌላ መንገድ መለሷቸው። የኛ ጉራንጉር ያለ ሆያ ሆዬ ዋለች። ለለቅሶ ቤት ክብር ካልሆነ በቀር እንዲህ ይደረጋል? ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ በማግስቱ ጋሽ ተካ ጉራንጉሩን በእርምጃ ሲለኩ አገኘኋቸው። አብሯቸው ላለው ሰው፣ «ድንኳኑ ከዚህ ቢጀምር...» አሉ። ሲያዩኝ ሰማዩን አይተው ስለ ዝናቡ አወሩ።

ድንኳን! እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ምናልባት እሷም አታውቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ብታውቅም አለማወቄን ስለፈለገች ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ከኔ ትደብቃለች፣ እኔ ከእሷ፤ አንድ ትሪ ከበን ዝም ብለን እንበላለን። አባዬ ሲመጣ የሚያመጣልኝን የጅቡቲ ቴምር አስባለሁ፤ ከዚያ ራሴን እቆጣለሁ።

ጋሽ ዘውዴ ቤትም አንድ ነገር ተለውጦ ነበር፤ እኔ በራሴ ጣጣ ተይዤ ልብ አላልኩትም። ስልካቸው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ፣ እማዬ የጠለፈችላቸው ትንሽ ጨርቅ ላይ ነው የሚቀመጠው። እሑድ እሑድ ሮማን ትደውላለች፤ ሰኞ ያለችውን ይነግሩናል። አሁን ግን በትምህርት መሃል ስልኩን ያያሉ። አንድ ልጅ ስለ ሮማን ጠየቃቸው።

«ስልኳን ሰርቀዋት ነው አሉ። ተካ ነው የነገረኝ። እንግዲህ አዲስ እስክትገዛ...»

«ጋሼ፣ ስባሪ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፣ ተይዘዋላ! ከዚያ እንደ ቅጣትም እንደ ጨዋታም አድርገው የቤት ሥራ ሰጡን። «ስባሪ እንግሊዝኛ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ሰው ቀኑን ሙሉ ስባሪ ነው የሚያወራው። እስቲ ከየቤታችሁ የሰማችሁትን አምጡ፤ የጎደለውን ሞልታችሁ።»

ልጆቹ በማግስቱ ቀልድ አመጡ። «ይኼን ልጅ እኔ አንድ ቀን...» ያለ አባት፤ «አሁን ገና...» ያለች እናት። እኔ ተራዬን ዘለልኩ። ሁሉም ወጥተው ሲሄዱ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ድስቱ ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

«ጋሼ፣ እኔም አለኝ። መሙላት ግን አቃተኝ።»

«በይ እስቲ።»

«እስኪመጣ ድረስ እንግዲህ... ማን ደፍሮ... ድንኳኑ ከዚህ ቢጀምር...» አልኳቸው፤ በቃሌ፣ ልክ እንደሰማሁት። ከዚያ እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ የጎደለው አባቴ ነው አይደል? እርስዎም ያውቃሉ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

አቀፉኝ። ደረታቸው ላይ ባሕር ዛፍ ይሸታል። «ቆይ፣ ቆይ፤ የምን ድንኳን? ማን ነው ያለው?»

«ጋሽ ተካ። ጉራንጉሩን ሲለኩ።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከዚህ። ከእርስዎ በር።»

እጃቸው ጀርባዬ ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ እኔን አያዩም፤ ጨርቁ ላይ ያለውን ስልክ ነው የሚያዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አጠለቁት፣ እንደገና አወለቁት።

«እናትሽ ምግብ የምትልክልኝ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ፍልሰታ ከገባ። ደም ግፊት አለብዎት ብላ ነው።» ስለ ጋብቻው ጥርጣሬዬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ያ ጊዜው አልነበረም።

«አዎ» አሉ። «አዎ፣ አለብኝ።» ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እጃቸው ቀዝቅዟል። «ስሚኝ፣ ፍሬ። አባትሽ ደህና ነው። መኪናው ተበላሽቶ ነው። ይመጣል።»

«በምን አወቁ?»

«አውቃለሁ።»

አላመንኳቸውም። እሳቸውም ከነሱ ጋር ገጠሙ ብዬ ተናድጄ፣ ዣንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

በማግስቱ እንደወትሮው አስተማሩን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ጨርቁ ብቻ። ስለ ቅንፍ እየደገሙልን ነበር። «ቅንፍ ውስጥ ያለው ሲነሣ የቀረው...» ብለው ቆሙ። ጠመኔውን አዩት። «ቁጭ በሉ፣ የተረፈውን በልባችሁ አንብቡ» አሉን። በልብ የሚነበብ ነገር ግን አልሰጡንም። ስንጨርስ አግዳሚዎቹን በረድፍ ከመተው ይልቅ ግድግዳውን አስጠግተን ዙሪያውን እንድንደረድራቸው አዘዙን። «ለምን፣ ጋሼ?» ስላቸው፣ «እንግዳ ይመጣል» አሉ። የምን እንግዳ? ይኼንንም ጠረጠርኩ። ሠርጉ ነው ብዬ!

ፍልሰታ በተፈታ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በእግር ኮቴ ነቃሁ። ግቢያችን ውስጥ ብዙ ሰው አለ፤ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እማዬ አልጋዋ ላይ የለችም። አወቅኩ። ዘልዬ ተነሥቼ በሩን ስከፍት ጉሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ጋሽ ተካ፣ ጋሽ ሙዘሚል፣ እትዬ አስካለ፣ ሌሎችም። እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«አትግቡ!» ብዬ በሩ ላይ ተዘረጋሁ። «አባዬን እንዳትሉ! አትግቡ አልኳችሁ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አንድ ድምፅ።

ከሰዎቹ መሃል ጋቢ የለበሰ ወንድ ወጣ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ጢሙ አድጓል። አባዬ ነው። ምን ብዬ እንደተጠመጠምኩበት አላውቅም። «ማታ ተኝተሽ ነው የገባሁት፤ አትቀስቅሷት ብዬ እኮ ነው» ይለኛል፤ እኔ ጢሙን እይዛለሁ፣ ጆሮውን እይዛለሁ። ደስታው ሊገድለኝ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ባዘነ ሰው ፊት ሳቄ መጣብኝ። ከዚያ የእማዬን የተዘቀዘቀ ነጠላ እንደገና አየሁት።

«ታዲያ ማነው?» አልኩ።

እማዬ አፌን በመዳፏ ያዘችው። «ቀስ! ሮማን ናት። አብራት የምትሠራ ልጅ ናት ለጋሽ ተካ የደወለችው። ሬሳዋ ዛሬ ይገባል፤ እስኪመጣ ነው የጠበቅነው። ጋሽ ዘውዴ ገና አልሰሙም።»

እስኪመጣ ድረስ። ማን ደፍሮ። ድንኳኑ ከዚህ ቢጀምር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሞላልኝ። ከእኔ የደበቁት ጋሽ ዘውዴ ቤት ስለምመላለስ፣ ከአፌ እንዳያመልጥ ብለው ነበር። ሰፈር ሙሉ ተጠንቅቆ የያዘውን እኔ አንድ በአንድ ይዤ ሄጄ አጠገባቸው አስቀምጬዋለሁ። አልሰሙም ስትለኝ የአባዬን እጅ ያዝኩ።

«ልጅ መርዶ አይሄድም» አሉ ጋሽ ተካ። የአባዬን እጅ አለቅም ስላልኩ ይዘውኝ ሄዱ።

የጋሽ ዘውዴ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መብራቱ በርቷል። አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው፣ እኛ እንደደረደርናቸው፣ ባዶ ናቸው። እሳቸው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምድጃው ጠፍቷል። ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቤት ምንም አይሸትም ነበር።

«ግቡ» አሉ። «ተቀመጡ፤ ወንበር አለ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተቀመጡ። ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ጋሽ ዘውዴ... እንደሚያውቁት፣ የሰው ልጅ... የእግዜር ነገር...»

«አላህ የሰጠውን...» አሉ ጋሽ ሙዘሚል፤ አልጨረሱትም።

«ልጃችን... እዚያ ሰው አገር... ትንሽ አሟት...»

«ተካ» አሉ ጋሽ ዘውዴ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደነበረው ነው፤ አልተቆጡም። «ሙሉ አርገህ ንገረኝ።»

ጋሽ ተካ አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ የስንቱን ጠብ ያስታረቀ፣ ስንቱን የቀበረ፣ አንድም ሰው አፉን መክፈት አልቻለም። ውጭ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ጋሽ ዘውዴ ጠበቁ፤ እንደ ተማሪ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ራሳቸው ተናገሩት።

«ሮማን ሞተች።»

ከዚያ ነው ቤቱ በለቅሶ የተናጋው። እማዬ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ጋሽ ሙዘሚል በፎጣቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም የአባዬን እጅ እንዳይጠፋብኝ ጨምድጄ ይዤ ነበር።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ለሰው ውኃ ሳዞር ጋሽ ዘውዴ በእጃቸው ጠሩኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንዴ አርጅተዋል። አጠገባቸው ተንበረከክኩ። ስንት ነገር ልላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ... ያን ቀን...» አልኩ።

ያኔ ብቻ «ሙሉ አድርጊው» አላሉኝም። እንባዬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ።

«አባትሽ መጣ አይደል?» አሉኝ።

«መጣ፣ ጋሼ።»

«ነግሬሽ ነበር» አሉ። «አላመንሽኝም እንጂ።»